ቤኪንግ ሶዳ የሌለበት ብርጭቆም ቅጠሉን እያንሳፈፈ አስቸገረኝ

ሳይንስ ዋና ትምህርታቸው ላልሆነ ተማሪዎች ፎቶሲንተሲስን በዓይን የማሳየው በሚንሳፈፍ ቅጠል ሙከራ ነው። በ1 ሊትር የቧንቧ ውሃ 2 ግራም ቤኪንግ ሶዳና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይገባል። ከቆስጣ ቅጠል፣ ወፍራሙን ጅማት እየሸሹ፣ በወረቀት መብሻ ክብ ቁራጮች ይወጣሉ። ቁራጮቹ ከውህዱ ጋር መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ ውስጥ ይገቡና አፉ በጣት ተደፍኖ ዘንጉ ወደ ኋላ ይሳባል፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው አየር ሲወጣ ይሰምጣሉ። በየብርጭቆው 10 ቁራጭ፣ ከላይ የኤልኢዲ መብራት።

ሶዳ ያለበት እንደሚጠበቀው ይሠራል፦ ቅጠሉ ከሶዳው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ በብርሃን ኦክስጅን ሲሠራ ቁራጮቹ ይንሳፈፋሉ። ችግሩ ማነፃፀሪያው ነው፦ ሳሙና ብቻ ባለው ውሃ ውስጥም ግማሽ ያህሉ ዘግየት ብለው ይነሳሉ። ስታቲስቲክስ ለማያውቅ ተማሪ ይህ «ሶዳው ለውጥ አያመጣም» ማለት ነው፤ ትምህርቱ እዚያው ይበላሻል።

ሙቀት እንዳይሆን በቴርሞሜትር ተከታተልኩ፤ ውሃው አልሞቀም። በፎይል ሸፍኜ ጨለማ ውስጥ ያቆየሁት ማነፃፀሪያ ላይ አንድም ቁራጭ አልተነሳም። ስለዚህ የሚያነሳቸው ኦክስጅን ነው፣ ካርቦኑም ከውሃው የመጣ ይመስለኛል፤ የቧንቧ ውሃ የራሱ ባይካርቦኔት (በቤኪንግ ሶዳ ውስጥም ያለው፣ ለቅጠሉ ካርቦን የሚሰጠው ንጥረ ነገር) አለውና። አፍልቼ ሳቀዘቅዘው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ዲስቲልድ ውሃም ክፍት ከቆየ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚመጠውን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ቆዳ ስለሚያቃጥል ለጀማሪ እጅ አልሰጥም።

ለማነፃፀሪያው ከካርቦን ዳይኦክሳይድና ከባይካርቦኔት የጸዳ ውሃ፣ አደገኛ ኬሚካል ሳይገባበት፣ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ እንደጸዳ እንዲቆይ አድርጌ እንዴት ላዘጋጅ?