የእሳት ጡብ በከፍተኛ ሙቀት ላይ ሙቀትን የሚያስተላልፈው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምድጃ ጥገና ባለሙያ ነኝ። ባለ ቀዳዳ ቀላል መከላከያ ጡብ ስንገጥም የውጪውን ቆርቆሮ ሙቀት ያሰላሁት የአምራቹ ሰነድ ለ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰጠው የሙቀት አስተላላፊነት ቁጥር ነበር፤ ምድጃው 1200 ዲግሪ ሲደርስ ግን ቆርቆሮው ከስሌቴ በላይ ጋለ። ጥቅጥቅ ያለ የአልሙና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ጡብ በአንጻሩ ሲግል አስተላላፊነቱ እንደሚቀንስ ሰምቻለሁ። ልዩነቱ ከምን የመጣ ነው?

መልስ 1፦ የሰሙት ትክክል ነው። ጥቅጥቅ ባለ ክሪስታል ውስጥ ሙቀትን የሚያጓጉዘው የአቶሞች ንዝረት ሞገድ ሲሆን፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ሞገዶቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ሩቅ መሄድ ስለሚሳናቸው፣ በክፍል ሙቀት በሜትር በኬልቪን 30 ዋት ገደማ የሚያስተላልፈው ንጹሕ አልሙና በ1000 ዲግሪ ወደ 6 ገደማ ይወርዳል። የእርስዎ ጡብ ግን አብዛኛው ይዘቱ አየር ነው፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ በጨረር መልክ የሚያልፈው የሙቀት ድርሻ በኬልቪን ከተለካው ሙቀት ሦስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ፣ በ400 ዲግሪ እምብዛም የማይታየው በ1200 ዲግሪ ዋናው ይሆናል።

መልስ 2፦ በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የጨረሩ ድርሻ ከቀዳዳው ስፋት ጋርም ስለሚያድግ፣ ለከፍተኛ ሙቀት ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ጡብ ይመረጣል። ለስሌቱ በጡቡ የውስጥና የውጪ ገጽ አማካይ ሙቀት ላይ ያለውን የአስተላላፊነት ቁጥር ይውሰዱ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። በአማካዩ ሙቀት እንደገና አሰላዋለሁ።