ለሰኔ የጎልፍ ጉዞ፦ የባሕር ዳርቻ ሊንክስ ይሻላል ወይስ በዛፍ የተከበበው ፓርክላንድ?

ማራኪ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ በአስጎብኚነት እሠራለሁ። ክረምቱ ሲገባ እንግዳ ስለሚቀንስ፣ ኤድንብራ ከሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ጋር ስኮትላንድ ውስጥ አንድ ሳምንት ጎልፍ ለመጫወት አስበናል። ጨዋታውን የለመድሁት አዲስ አበባ በነበርሁበት ጊዜ ነው፤ እዚህ ሜዳ ስለሌለ ልምምዴ አዘዞ አካባቢ ካለው የግጦሽ መስክ አያልፍም። ወንድሜ ሁሉንም ቀን ሴንት አንድሩስ በምትባለው ከተማ፣ ባሕሩ ዳር እናሳልፍ ይላል። እኔ ግን ነፋሱን እፈራለሁ፤ እሱም ቢሆን ጉልበቱን ያመዋል። ቀኖቹን በሁለቱ ዓይነት ሜዳዎች፣ በሊንክስና በፓርክላንድ፣ መካከል እንዴት ብንከፍላቸው ይሻላል?

ቀሃ፦
ከነፋሱ በፊት አፈሩን ያስቡ፤ ሁለቱን ሜዳዎች የሚለያቸው በዋናነት እሱ ነውና። የደምቢያን ዋልካ ያውቁታል፤ ዝናብ ሲዘንብበት ውኃውን ይዞ እግር ያስቀራል። የሊንክስ መሬት የዚህ ተቃራኒ ነው። ባሕሩ የተወው አሸዋ ስለሆነ ዝናቡን ወዲያው ያሰርጋል፣ ሣሩ ቀጭንና አጭር ነው፣ መሬቱም ጠንካራ ስለሆነ ኳሷ ካረፈች በኋላ ብዙ ትንከባለላለች። ስለዚህ እዚያ የሚያዋጣው ኳሷን ወደ ሰማይ መስደድ ሳይሆን ዝቅ አድርጎ መትቶ፣ ከግሪኑ (ጉድጓዱ ካለበት አጭር ሣር) ፊት አሳርፎ፣ ቀሪውን መንገድ በመሬቱ ላይ እንድትሄድ መተው ነው። በበጋ በደረቀው የአዘዞ መስክ ላይ ከተለማመዱ፣ ሳያውቁት ለሊንክስ እየተዘጋጁ ነበር ማለት ይቻላል። በፓርክላንድ ግን አፈሩ ወፍራም፣ ሣሩ ለምለም ነው፤ ኳሷ በወደቀችበት አጠገብ ትቆማለች፣ ዛፉም ነፋሱን ይሰብራል፤ ቅጣቱ ያለው ከፌርዌይ (ከታጨደው የመጫወቻ መስመር) ወጥቶ ዛፍ ውስጥ ለገባ ሰው ነው።

የወንድምዎን ጉልበት በተመለከተ ነገሩ እንደሚገምቱት ላይሆን ይችላል። በሴንት አንድሩስ ታዋቂ ሜዳ በኦልድ ኮርስ የሚጫወተው በእግር ቢሆንም ትልቅ ዳገት የለበትም፤ ጉብታው ግን ትንንሽና ብዙ ስለሆነ ቁርጭምጭሚት ይፈትናል። የመሐል አገር ሜዳ ብዙ ጊዜ ዳገት ቢኖረውም በትንሿ ተሽከርካሪ መዞር ይቀላል። የእኔ ምክር ከሳምንቱ አብዛኛውን ለባሕር ዳርቻው መስጠትና አንድ ወይም ሁለት ቀን ከባሕር ርቆ ወደሚገኘው ግሌንኢግልስ መውጣት ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ቡድኖች የሚገጥሙበት የራይደር ዋንጫ በ2014 እ.ኤ.አ. የተካሄደበትና ዝነኛው ጎልፈኛ ጃክ ኒክላውስ የነደፈው ፒጂኤ ሴንቴነሪ ሜዳ ያለው እዚያ ነው። በየቀኑ ግን አንዱን ከሌላው አያፈራርቁ፤ እጅ የሊንክሱን አመታት ሊለምድ ሲል ለስላሳ ሣር ላይ መልሶ ማስገባት ሁለቱንም ያበላሻል።

ፒያሳ፦
በዚህ ላይ የከፍታውን ጉዳይ ልጨምር፤ ከእኛ አገር ለሚሄድ ተጫዋች ከነፋሱ እኩል የሚያስቸግረው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ኳስም ርቃ ትሄዳለች። ባሕር ዳርቻው ላይ ግን ያው አመታት ከመቶ 8 እስከ 9 ያህል ያጥራል። አዲስ አበባ ላይ 150 ሜትር የሚወስድዎ አይረን (የብረት ዱላ) እዚያ 137 ሜትር አካባቢ ሊያስቀርዎ ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን ቀን ውጤት ሳይመዘግቡ የእያንዳንዱን ዱላ ርቀት እንደገና ለመለካት ቢያውሉት ይመረጣል።

ጠዳ፦
ለመሆኑ ይህ ሁሉ ወጪና የቪዛ ደጅ ጥናት ለምን? ኬንያ ለኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ ትከፈታለች። ናይሮቢ ላይ ካረንና ሙታይጋን የመሰሉ በዛፍ የተከበቡ ሜዳዎች አሉ፤ በባሕር ዳርቻዋ ኪሊፊ አጠገብ ደግሞ ቪፒንጎ ሪጅ ከሕንድ ውቅያኖስ ፊት ለፊት ይገኛል። ሁለቱንም ዓይነት በአንድ አገር ያገኛሉ።

ቀሃ፦
የጠዳ ሐሳብ ለኪስ ጥሩ ነው፤ ካረንና ሙታይጋም የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን ቪፒንጎ ባሕር ቢያሳይም በአሸዋ ላይ የተዘረጋ ሊንክስ አይደለም፤ ስለዚህ ጠያቂው ያነሱትን ምርጫ አይተካም። ሴንት አንድሩስም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ካስል ኮርስ በገደል አፋፍ ላይ ያለ ሜዳ ነው፤ በ1895 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኒው ኮርስ ግን ከኦልድ ኮርስ ጎን ያለ እውነተኛ ሊንክስ ነው።

ማራኪ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንድሜ ጋር ስለሆነ ማረፊያዬ፣ ስኮትላንድን አልለቅም። በኦልድ ኮርስ የመጫወቻ ተራ የሚገኘው በዕጣ ነው አሉ፤ ዕጣው ካልወጣልን ሳምንቱ ይበላሽብናል?

ቀሃ፦
አይበላሽም፣ ሆኖም ዕቅድዎን በእሱ ላይ አያንጠልጥሉ። ዕጣው የሚወጣው ከጨዋታው ቀን ሁለት ቀን ቀድሞ ስለሆነ በየቀኑ ስማችሁን አስገቡ፤ ለኦልድ ኮርስ የሃንዲካፕ (የተጫዋቹን ችሎታ የሚያሳይ ቁጥር) ማረጋገጫ ስለሚጠየቅ አዲስ አበባ ካለው ክለብ አስቀድመው ያውጡ። ኒው ኮርስን ግን ከወዲሁ ያስይዙ። በዕጣው የደረሰዎ የመጫወቻ ሰዓት ከቀኑ ዘግይቶ ቢሆንም አይቸኩሉ፤ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። እሑድ ኦልድ ኮርስ ለጨዋታ ዝግ ስለሆነ ግሌንኢግልስን ለዚያ ቀን ያድርጉት፤ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው። ወንድምዎ ጉልበቱን ማሳረፍ ከመረጠ ደግሞ እሑድ ሜዳው ለሕዝብ መንሸራሸሪያ ክፍት ነውና፣ ዱላችሁን ቤት ትታችሁ ከ18ኛው ጉድጓድ ወደ ስዊልካን ድልድይ በእግር መሄድ ትችላላችሁ።