የድሮ ማባዣ ማሽን አስቸግሮኛል፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በእጅ የሚዞር፣ በስቴንስል (ፊደሉ በታይፕ በሚበሳበት ስስ ወረቀት) የሚሠራ የድሮ ጌስቴትነር ማባዣ እጄ ገብቷል። ሁለት ሲሊንደር ያለው ነው፤ ቀለሙ ከቱቦ ይወጣና በሮለሮቹ ሲሊንደሮቹ ላይ ይዳረሳል፣ ከዚያ ሲሊንደሮቹን ዙሪያውን በሸፈነው ሐር ጨርቅ በኩል አልፎ ስቴንስሉ በተበሳበት ቦታ ብቻ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። በጣም ነው የወደድኩት፣ ሥራ ላይ ባየው ደስ ይለኛል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሳባዛ የገጹ መሃል ይፈዛል፣ ዳርና ዳሩ ደግሞ ይጠቁራል። ጥፋቱ የስቴንስሉ አይመስለኝም። የታይፑን ሪባን (ባለ ቀለሙን ጥብጣብ) ከሥራ ውጪ አድርጌ ነው የመታሁት፣ የ«ዐ» እና የ«መ» ክብ ተቆርጦ እንዳይወድቅ ቀስ ብዬ፣ ብርሃን ላይ ሳየውም ፊደሎቹ ጥርት ብለዋል። ሮለሮቹ ላይ የደረቀውን አሮጌ ቀለም በነጭ ጋዝ አጥቤያለሁ። ሐሩን ግን እንዳይቀደድብኝ ፈርቼ አልነካሁትም። መሃሉን የደፈነው እዚያ የደረቀ ቀለም ይሆን? ነቅዬ ልዘፍዝፈው ወይስ እዚያው እንዳለ በጨርቅ ልጥረገው?

ሌላው ቀለሙ ነው። የስቴንስል ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ነው የሚደርቀው፣ ማሽኑ ላይ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ለሌላ ኅትመት የሚሸጠውን ብጨምርበት ሐሩ ላይ ደርቆ ጭራሽ እንዳያበላሽብኝ ሰጋሁ። ሌላ ቀለም ሞክራችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ የትኛውን እንደሆነ ንገሩኝ።

ወረቀቱም አንዳንዴ ሁለት ሁለት እየሆነ ይገባል፣ እሱ ግን ይቆየኝ፣ መጀመሪያ መሃሉ ይታይልኝ።