የ2ኛ «ለ» የንባብ ጥግ ዕቅድ፦ ዓርብ ለርዕሰ መምህሩ ይገባል

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ከክፍሉ ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል ያሉት ወንበሮች ይነሳሉ። ሰሌን ይነጠፋል፣ መደርደሪያ ይቆማል፣ የተረት መጻሕፍት ይገዛሉ። መዋጮው በልጅ 150 ብር ነው። 60 ልጅ አለን፣ ሁሉም ከከፈለ 9,000 ይሆናል። ከሦስት ሁለት እጁ ለመጽሐፍ፣ ሲሶው ለሌላው። ልጆች ጫማ አውልቀው ይገባሉ። የምትቀይሩት ካለ አሁን ተናገሩ።

ገንዘብ ያዥ፦ እስካሁን የከፈለው ግማሹ ነው። ያልከፈለ ሰው ባይከራከር ደስ ይለኛል።

የመንታዎቹ እናት፦ እከፍላለሁ። መጀመሪያ ግን የአምናው የመጋረጃ ብር የት ደረሰ? መስኮቱ ዛሬም በጋዜጣ ነው የተሸፈነው።

ገንዘብ ያዥ፦ የአምናው ኮሚቴ ይጠየቅ። እኔ የተረከብኩት ባዶ የደረሰኝ ጥራዝ ነው።

መምህርት፦ ወደ ንባቡ እንመለስ። ልጆቹ በኅብረት ሲሆን ያነባሉ። ለየብቻ ሳስነሳቸው ግን ብዙዎቹ የሚያዩት ፊደሉን ሳይሆን የጓደኛቸውን አፍ ነው። አንዱ «ላም» የሚለውን ሥዕሉን አይቶ «በሬ» ብሎ አነበበልኝ። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ ከምንባቡ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ ላስቀምጣቸው እፈልጋለሁ። አንዱ በጣቱ እየተከተለ ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ለዚህ ደግሞ መጽሐፍ እጃቸው ላይ መኖር አለበት።

ባለ ባጃጁ አባት፦ የሲዳሙ አፎም ይግባ። ልጄ ቤት የሚያወራው በእሱ ነው፣ በላቲኑም ማንበብ ጀማምሯል።

መምህርት፦ ልክ ነህ። እኩል እኩል ይገዛ።

ጸሐፊ፦ ገብቷል።

የመንታዎቹ እናት፦ ጫማ ማውለቁ ግን ይሰረዝ። በዚህ ዝናብ ካልሲው ጭቃ በጭቃ ነው የሚሆነው። የሁለት ልጅ ካልሲ በየቀኑ የማጥበው እኔ ነኝ።

የክፍል አለቃዋ እናት፦ በጫማ ከገቡ ሰሌኑ ሳምንት አይቆይም። በጭቃ ላይ ተቀምጦ ማን ያነባል?

ነርሱ፦ ሰሌን ቁንጫ ይይዛል። በሜትር የሚሸጠው ፕላስቲክ ምንጣፍ ይሻላል። በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል።

ጸሐፊ፦ እሱ ይወደዳል። የዋጋው ጭማሪ ከመጽሐፉ ይቀነስ?

ነርሱ፦ ጤና ይቀድማል።

ባለ ባጃጁ አባት፦ የእኔ ልጅ ካልሲ የለውም። በኮንጎ ጫማ ነው የሚመጣው። በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት እግርህን አውጣ ሊባል ነው?

የክፍል አለቃዋ እናት፦ ማን ልብ ይለዋል? ልጆች እኮ ናቸው።

ባለ ባጃጁ አባት፦ ልጆች ስለሆኑ ነው ልብ የሚሉት። አንቺ የልጅሽን ነጭ ካልሲ እያየሽ ነው የምታወሪው።

የክፍል አለቃዋ እናት፦ ልጄን እዚህ አታንሳት! እኔም ጉልት ቁጭ ብዬ ነው የማሳድጋት። በልቼ ሳልጠግብ የገዛሁት ካልሲ ነው።

የመንታዎቹ እናት፦ አያችሁ? ይሰረዝ ብያችሁ ነበር።

አያት፦ ተዉ እንጂ ልጆቼ። ሁሉም በባዶ እግሩ ይግባ። ካልሲ ያለውም ያውልቅ። በር ላይ ውሃ ይቀመጥና ታጥበው ይግቡ። ያኔ ማንም ከማንም አይለይም።

ባለ ባጃጁ አባት፦ እማማ ያሉት ይሻላል። እህቴ፣ ልጅሽን ለመንካት ብዬ አይደለም።

የክፍል አለቃዋ እናት፦ ይሁን፣ አልፏል።

ነርሱ፦ እግር ከታጠቡ እጅም ይታጠቡ። ቧንቧው ከሰዓት በኋላ ውሃ የለውም። ሮቶ ይገዛ።

ሰብሳቢ፦ በሮቶው እስማማለሁ። 3ኛ «ሀ» ክፍሉን ቀለም ቀብቶ በጠዋት ሰልፍ ተጨብጭቦለታል። እኛም ሰው የሚያየው ነገር እንሥራ።

መምህርት፦ ሮቶውን አልጠላሁም፣ ጋሼ። ለመጽሐፍ ስንት ቀረ?

ጸሐፊ፦ ሮቶ ከነማቆሚያው፣ ምንጣፍ፣ ሳሙና፣ አሁን ደግሞ የጫማ መደርደሪያ። የተሰበሰበው ግማሽ ነው። ለመጽሐፍ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። «ቀሪ ካለ» ብዬ ጽፌዋለሁ።

መምህርት፦ ይህማ አይሆንም። እንግዲያው መጽሐፉን ከልጆቹ ጋር እንሥራው። ማታ ቤት ተረት ይነገራቸው፣ ጠዋት በራሳቸው አፍ ይነግሩኛል። እኔ በትልቅ ወረቀት እጽፋለሁ፣ ሥዕሉን እነሱ ይሥላሉ። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በሲዳሙ አፎ። ዳሩን በመርፌና ክር እሰፋዋለሁ። ወረቀትና ማርከር ግን «ቀሪ ካለ» ሳይባል በዕቅዱ ይግባ።

አያት፦ የጅብና የአህያውን እኔ መጥቼ እነግራቸዋለሁ። ቀኑን ንገሪኝ።

ጸሐፊ፦ ወረቀትና ማርከር ገብቷል። መደርደሪያውን በነጻ እሠራለሁ ያለው አናጺስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ከሰኞ ጀምሮ ስልክ አያነሳም። ጣውላው የእኔን በረንዳ ዘግቷል።

ሰብሳቢ፦ ርዕሱ «የውሃና የንባብ ጥግ» ይባል። ውሃ ካለበት ርዕሰ መምህሩ ቶሎ ይፈርማል።

መምህርት፦ ንባቡ ይቅደም።

ሰብሳቢ፦ ነገ እንነጋገርበት።

የመንታዎቹ እናት፦ ውሃ ከገባ መጋረጃም ይግባ። ፀሐዩ የሚመታው ጥጉን ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐሙስ ገበያ የሚወርድ ሰው የምንጣፉን የሜትር ዋጋ ጠይቆ ይጻፍልኝ። የምንፈልገው አራት ሜትር ነው። ሌላ አናጺ የምታውቁም ንገሩኝ።