ጎንደር ዙሪያ ለሩጫ የሚሆን የገጠር መንገድ የምታውቁ ጠቁሙኝ

የጣና ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ተዛውሬ ማራኪ አካባቢ ተከራይቻለሁ። ባሕር ዳር ሳለሁ የለመድሁት በሐይቁ ዳር ያለውን ሜዳ ነው፤ እዚህ ግን ከቤት ስወጣ የሚቀበለኝ ወይ ዳገት ነው ወይ ባጃጅ። የምፈልገው በእርሻና በትንንሽ መንደሮች መካከል የሚያልፍ፣ ዳገቱ የማይበዛ የአፈር መንገድ ነው፤ ደርሶ መልስ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ቢሆን ይበቃኛል። አብዛኛውን ጊዜ የምሮጠው ብቻዬን ነው፤ ሴት መሆኔን ግምት ውስጥ አስገቡልኝ። ውሻም እፈራለሁ።

አዘዞ
እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ሜዳ ከፈለግሽ ፊትሽን ወደ ደቡብ አዙሪ። ከማራኪ በሚኒባስ አዘዞ ትደርሻለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ተዳም ሆነ ወደ ደምቢያ በኩል ምድሩ እየተዘረጋ ነው የሚሄደው። አስፋልቱን ትተሽ በማሳዎቹ መካከል የሚገባውን የከብት መንገድ ያዢ።

አንድ ነገር ግን እወቂ፤ አፈሩ ዋልካ ነው። በክረምት ጫማሽ ሥር እየተለጠፈ ይወፍርና ትንሽ ሄደሽ በእንጨት መፋቅ ይኖርብሻል፤ ያን ጊዜ ሩጫው ቀረ ማለት ነው። በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እግር የሚያስገባ ስለሆነ፣ በተለይ ሣር የሸፈነው ቦታ ላይ ቁርጭምጭሚት ያጥፋል። ከብት ደጋግሞ የረገጠውን መሃሉን ብቻ ተከተዪ፤ አቋራጭ አትፈልጊ።

የሸክላ ሰፈር
የአዘዞው ወንድሜ ያለው ልክ ነው፤ ነገር ግን ሜዳው ጥላ የለውም፤ ከረፋዱ 3 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይበረታል። እኔ ወለቃን እመርጣለሁ። በደባርቅ መውጫ ከከተማዋ ብዙ ሳትርቂ ታገኚዋለሽ። እስከዚያ ያለውን አስፋልት ከአይሱዙ ጋር እየተጋፋሽ ከምትሮጪው በባጃጅ ሂጂና ሩጫሽን ከመንደሩ ጀምሪ። ከመንገዱ ወጣ ስትዪ ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ አጥር ታገኛለሽ። ሙሉ በሙሉ ሜዳ ነው አልልሽም፤ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ትንፋሽ የሚያስጥል አይደለም። ድንጋያማ በመሆኑም ዝናብ በዘነበ ማግሥት ይሮጥበታል።

ወለቃ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩበት የነበረ፣ በሸክላ ሥራው የታወቀ መንደር ነው። ልጆቹ ትንንሽ የሸክላ ቅርጻ ቅርጽ ይዘው ይከተሉሻል። «ሩጫ ላይ ነኝ» ማለት ለእነርሱ መልስ አይሆንም፤ እነርሱም ይሮጣሉና።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ መንገዱን ሁሉም ይነግርሻል፤ እኔ ስለ ሰዉ ልንገርሽ። በገጠር ትልቅ ሰው ያለ ምክንያት አይሮጥም። ስትሮጪ ያየሽ ገበሬ መጀመሪያ የሚያስበው እሳት ተነሥቷል፣ ሰው ታሟል፣ ወይም መርዶ አለ ብሎ ነው። ስለዚህ ሰው ስታገኚ ፍጥነትሽን ቀንሺና «እንደምን አደራችሁ» በዪ፤ ሥራ ላይ ካሉ «በርቱ» በዪ። ለጥቂት ጊዜ እንዲህ ካደረግሽ ያ ሁሉ ሰው ጠባቂሽ ይሆናል። አንገቷን ደፍታ የምታልፈውን ግን ማንም አያውቃትም፤ አንድ ነገር ቢገጥማት «በየት በኩል ሄደች?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልስ የለም።

ብቻሽን የምትወጪ ከሆነ ቅዳሜን ምረጪ። የቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ከየገጠሩ ወደ ከተማ የሚገባው ሰውና አህያ መንገዱን ይሞላዋል። እርግጥ የተጫነ አህያ መንገድ አይለቅልሽም፤ አንቺው ዳር ትይዣለሽ። ነገር ግን ከዐይን አትሰወሪም።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሰብል የደረሰበት ማሳ ውስጥ አትግቢ፤ ጤፍ ከተረገጠ አይነሣም። አውድማ ላይም በጫማ አይኬድም። ጎህ ሳይቀድም አትውጪ፤ ያን ሰዓት የጅብ ነው። ከከተማ ርቀሽ ከመሄድሽ በፊት ደግሞ በዚያ በኩል ሰላም መሆኑን ከዚያው አቅጣጫ የመጣ ሾፌር ጠይቂ፤ ካልተማመንሽ ያን ቀን ይቅርብሽ።

ጤና ባለሙያ
ስለ ውሻው። የገጠር ውሻ ቤቱንና ከብቱን ነው የሚጠብቀው፤ የሚያስነሣውም ሩጫው ነው። ሲጮኽ ከሰማሽ ወደ እርምጃ ተመለሺ፣ ጀርባሽን አትስጪው፣ ባለቤቱን ተጣሪ። ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ እንዳለ ሰው ብትሆኚ አብዛኛው ያፈገፍጋል።

ከነከሰሽ፣ ወይም በጥርሱ ጫር ቢያደርግሽ እንኳ፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቢው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሄደሽ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቂ። ውሻው ጤነኛ ይመስላል ብለሽ አትተዪው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል።

ዳገት ወዳጅ
ዳገት እየሸሹ ጎንደር አይኖርም! ከፋሲል መዋኛ ወደ ቁስቋም የሚወስደውን መንገድ በሳምንት አንድ ቀን ውጪው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠራችው ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አጠገብ ደርሰሽ ትንፋሽሽን ትሰበስቢያለሽ፤ ከዚያ አልፎ ገጠሩ ይጀምራል። አቀበቱ ካቃተሽ በእርምጃ ውጪው፤ ማንም አይከስሽም። በከተራና በጥምቀት፣ ማለትም ጥር 10 እና 11፣ ግን በመዋኛው በኩል ለመሮጥ አታስቢው፤ ለመቆምም ቦታ የለም።

የጣና ልጅ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ ስለ ሰላምታው የነገሩኝን ይዣለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፤ ኮሶዬ ለሩጫ ይሆናል? ልብሴስ ምን ይሁን?

ዳገት ወዳጅ
ኮሶዬ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታውም ከጎንደር ይበልጣል፤ ጠዋት ብርዱ ይጠዘጥዛል። እንደ ሽርሽር ሂጂ፤ ገደሉን እዪ፤ ለዘወትር ልምምድ ግን ትራንስፖርቱ ብቻውን ይሰለቻል።

የሸክላ ሰፈር
ልብስሽ ሰፋ ያለ ረጅም ሱሪና እጅጌ ያለው ሹራብ ቢሆን ይሻላል፤ ነጠላ በወገብሽ ብታስሪ ደግሞ ብርድም ፀሐይም ሲሆን ያገለግልሻል። ቁርስሽን ሳትበዪ ከወጣሽ በሶ በጥብጠሽ በላስቲክ ጠርሙስ ያዢ፤ በመንደሮቹ የታሸገ ውኃ እንደልብ አይገኝም።

እኔም ሴት ነኝ። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከወለቃ እንነሣለን፤ ብትመጪ ደስ ይለናል፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ፍጥነታችን እያወራን የምንሮጥበት ነው። ከዚያ በላይ የምትፈጥኚ ከሆነ ቅደሚንና ስትመለሺ መንገድ ላይ አግኚን።