99 ከመቶ «ይመልሳል»? ለማን?

የአራት ኪሎዋ፦
ዛሬ ጠዋት ከሜክሲኮ በታክሲ ስመጣ፣ ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ ስለ ስልክ ቁማር፣ 21 ነጥብ ሳያልፍ ከማሽኑ የበለጠ የያዘ ስለሚበላበት ስለ ብላክጃክ የካርታ ጨዋታ ሲያወራ ሰማሁ። «የኤሌክትሮኒክ ብላክጃክ 99 ከመቶውን ለተጫዋቹ ይመልሳል፤ ወጣቱን ከማስፈራራት ሒሳቡን ማስተማር ይሻላል» አለ። አዘጋጁም «ልክ ነው» ብሎ ወደ ማስታወቂያ አለፈ። ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ በዚያው ሰዓት አረንጓዴውን ሰሌዳ ስልኩ ላይ ከፍቶ ይጫወት ነበር። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ከስታዲየም እስከ አምባሳደር ሃያ ሁለት ጊዜ ሲመድብ ቆጠርኩ። እስኪ የተመለሰለት ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ጨርቆስ ነኝ፦
ያንን አዘጋጅ ለዓመታት አዳምጬዋለሁ፤ እንዲሁ በስሜት አትውረጂበት። እንግዳውም አልዋሸም። ብላክጃክ ሎተሪ አይደለም። ሕጉ ደህና ከሆነና ሰውየው በደንብ ከተጫወተ የቤቱ፣ ማለትም የአጫዋቹ ድርጅት፣ ድርሻ ከ100 ብር 50 ሳንቲም ገደማ ነው። ይህን እኮ አራት የአሜሪካ ወታደሮች በጠረጴዛ ማስያ አስልተው በፈረንጅ 1956 አሳትመውታል።

ጋሽ ቀመር፦
ልጄ፣ «በደንብ ከተጫወተ» የምትለዋን የጨመርካት አንተ ነህ። እንግዳው ያለው «ይመልሳል» ብቻ ነው። ደግሞም 99 ከመቶው የሚሰላው ከቤትህ ይዘኸው ከወጣኸው ብር ሳይሆን ከእያንዳንዱ መደብ ነው። 100 ብር ይዘህ ተቀመጥ። በ10 ብር መድብ፣ በየ12 ሴኮንዱ አንድ ጨዋታ ተጫወት። በሰዓት 300 ጨዋታ፣ 3,000 ብር መደብ ሆነ። ያችው መቶ ብር እየተመላለሰች ማለት ነው። የ3,000 ብር 1 ከመቶ 30 ብር ነው። አሁን ከመቶ ብርህ የሄደው አንድ ብር ነው ወይስ ሠላሳ?

ጨርቆስ ነኝ፦
በሰዓት 30 ብር! ይህ ሁሉ ጩኸት ለዚህ ነው? በእሱ ማኪያቶም አይጠጣ።

የአራት ኪሎዋ፦
አንድ ሰዓት ተጫውቶ የሚነሳ ልጅ አሳየኝና ማኪያቶውን እኔ እጋብዛለሁ። ደግሞ ስወርድ በልጁ ትከሻ በኩል አየሁት፤ ሰሌዳው ላይ በደቃቅ ፊደል «ብላክጃክ 6 ለ 5 ይከፍላል» ይላል። ይህ ምን ማለት ነው ጋሼ?

ጋሽ ቀመር፦
ዓይንሽ ይባረክ። ነገሩ ያለው እዚያች ደቃቅ ጽሑፍ ውስጥ ነው። አስና ባለ አሥር ካርታ ገጥመው ሲመጡ «ብላክጃክ» ይባላል፤ በነባሩ ሕግ ክፍያው 3 ለ 2 ነው፤ በ10 ብር መደብ 15 ብር። 6 ለ 5 ሲሆን 12 ብር ይሆናል። ሦስት ብር ምን አላት ትያለሽ? ብላክጃክ በየ21 ጨዋታው አንድ ጊዜ ገደማ ይመጣል፤ በ300 ጨዋታ 14 ጊዜ። 14 ጊዜ 3 ብር፣ 42 ብር። ይህች ሕግ ብቻዋን ለቤቱ 1.4 ከመቶ ያህል ትጨምርለታለች። የጨርቆሱ ልጅ ግማሽ ከመቶ ወደ 2 ከመቶ ተጠጋ፤ በሰዓት 60 ብር። እሱም አንዴ እንኳን ሳይሳሳት ለሚጫወት።

ጨርቆስ ነኝ፦
የማውቀው ልጅ በአንድ ማታ 150 ብር በልቶ ተነስቷል። ይህንንስ በየት በኩል ያስገቡታል?

ጋሽ ቀመር፦
60 ብር አማካይ ነው። በ300 ጨዋታ ውጤቱ ከአማካዩ 200 ብር ያህል ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል አይገርምም። ስለዚህ የሚበላ ይኖራል። እሱን ታውቀዋለህ፤ በዚያው ማታ የተበሉትን ቆጥረሃቸዋል?

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
እኔ ይህን ሁሉ ቀመር አላውቅም። ማሽኑ እንደሚጫወተው እጫወታለሁ። እሱ ነጥቡ 17 እስኪሞላ ካርታ ይጨምራል፣ ከዚያ ይቆማል። እኔም እንዲሁ። አንድ ዓይነት ከተጫወትን ሃምሳ በሃምሳ ነው፤ አለቀ።

ጋሽ ቀመር፦
ቀድሞ የሚጨምረው ማን ነው?

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
እኔ።

ጋሽ ቀመር፦
21ን ብታልፍስ?

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
እበላለሁ።

የአራት ኪሎዋ፦
ይህ «እበላለሁ» ጠብቆ ነው ላልቶ?

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
ጠብቆ። አሁን ይህ ያስቃል?

ጋሽ ቀመር፦
አንተ ጠብቆ ከተበላህ በኋላ የማሽኑ ካርታም 21ን ቢያልፍ ብርህን ታገኛለህ? አታገኝም። እስከ 17 የሚጨምር ሰው ከመቶ 28 ጊዜ ገደማ ያልፋል። 28 ከመቶን በ28 ከመቶ አባዛው፤ 8 ከመቶ ገደማ ነው። ሁለታችሁም ያለፋችሁባቸው እነዚያ ስምንት ጨዋታዎች በሙሉ የእሱ ናቸው። የብላክጃክ ጭማሪህ ሲቀነስ በ3 ለ 2 ሕግ 5.5 ከመቶ ትከፍላለህ፤ በ6 ለ 5 ወደ 7 ከመቶ። ማሽኑ መስረቅ አያስፈልገውም። «ይቅደሙ» ብሎ ያስቀድምሃል፤ ይበቃዋል።

ጨርቆስ ነኝ፦
እሺ፣ ለእሱ 93 ከመቶ ይመልስለታላ! ቁጥሩ ተለወጠ እንጂ «ይመልሳል» ትክክል ነው።

የአራት ኪሎዋ፦
ቦርሳዬን የነጠቀኝ ሌባ መታወቂያዬን መንገድ ላይ ቢጥልልኝም «መለሰላት» ልትል ነው።

ጨርቆስ ነኝ፦
ሌባው አንቺን አስፈቅዶ አልወሰደም። ይህኛው ወዶ ነው የመደበው። አታምታቺ።

ዝምተኛ አንባቢ፦
ይቅርታ፣ ልግባ። ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለ የሒሳብ ምሁር የወጡትን ካርታዎች እየቆጠሩ ቤቱን መብለጥ እንደሚቻል በ1962 ጽፎ አሳይቷል። ለምን ያንን አንማርም?

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
1962 በእኛ ነው በፈረንጅ?

ዝምተኛ አንባቢ፦
በፈረንጅ። በእኛ 1955 ገደማ።

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ የተመሠረተበት ዓመት አይደል? አባቴ ሲያወሩ ትዝ ይለኛል።

ጨርቆስ ነኝ፦
እሱ ግንቦት ላይ ነው፤ በፈረንጅ 1963 ገብቷል። ደግሞ ምን አገናኘው?

ጋሽ ቀመር፦
ወደ ካርታው እንመለስ። የቶርፕ ዘዴ የሚሠራው የወጣው ካርታ እስኪበወዝ ድረስ ስለማይመለስ ነው። አስ ሲያልቅ ታውቃለህ፣ ባለ አሥር ሲበዛ መደብህን ከፍ ታደርጋለህ። የስልኩ ጨዋታ ግን በየዙሩ ሁሉንም እንደ አዲስ ይበውዛል። ምኑን ትቆጥራለህ? ከዚያ ማሽን ሙሉ በሙሉ የሚመለስ ነገር ካለ ካርታው ነው።

የአራት ኪሎዋ፦
አየህ ጨርቆስ፣ የሚመለሰው ተገኘ።

ጨርቆስ ነኝ፦
ታዲያ ይዘጋ ነው የምትሉት? በግልጽ ተናገሩ። ብትዘጉት ከጀርባ ይከፈታል።

የአራት ኪሎዋ፦
ይዘጋ አላልኩም። ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል «6 ለ 5» የምትለዋን እንደ ሱቅ ታፔላ አግዝፎ፣ በአማርኛ፣ መደቢያው ቁልፍ አጠገብ ያስጽፍ። በሰዓት ስንት እንደሚበላም ይጻፍ። ላልቶ!

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
ሲጋራ ላይም ተጽፏል።

ዝምተኛ አንባቢ፦
ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። 16 ይዤ ማሽኑ 10 ሲያሳይ ልጨምር ወይስ ልቁም?

ጋሽ ቀመር፦
ብትጨምርም ብትቆምም ከመደብከው ከእያንዳንዱ ብር 54 ሳንቲም ገደማ ታጣለህ። ልዩነቱ አንድ ሳንቲም አይሞላም፤ ግን መጨመር በጥቂቱ ይሻላል። ጨዋታው ግማሹን ሰጥቶ መውጣት ከፈቀደልህ ደግሞ ግማሹን ሰጥተህ ውጣ።

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
እኔ አልጨምርም። ትናንት ጨምሬ ባለ ሥዕል መጣብኝ፤ እሱም እንደ አሥር ነው የሚቆጠረው።

የአራት ኪሎዋ፦
ቅድም «17 እስኪሞላ እጨምራለሁ» ያልከው አንተ አይደለህም?

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
ነኝ። 10 ሲያሳይ ግን ልቤ ሌላ ይነግረኛል።

ጋሽ ቀመር፦
ልብህን ከመቶ በስንት ላስገባው?

ካዛንቺስ የነበርኩ፦
ጋሼ፣ 10 ሲያሳይ አልጨምርም አልኩ እኮ።