የስትራስበርግ ክንድና የእኛ ሒሳብ፦ ልዘን ወይስ ልቆጣ?

ጠያቂ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ

ሰላም ለሁላችሁ። የዋሽንግተን ናሽናልስን ቤዝቦል ለምትከታተሉ ወገኖች አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ ዓመታቱን ሁሉ እዚህ አሜሪካ በምንጠቀምበት አቆጣጠር እጽፋለሁ። ኳስ ወርዋሪያችን ስቲቨን ስትራስበርግ በኤፕሪል 2024 በይፋ ከስፖርቱ ከተሰናበተ በኋላም ስለ እርሱ ያለኝ ስሜት አልጠራልኝም። ቡድኑ በ2019 የዓመቱን የፍጻሜ ዋንጫ፣ ወርልድ ሲሪስን፣ ካሸነፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የ7 ዓመትና የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመለት። ከዚያ ወዲህ የወረወረባቸው ጨዋታዎች ግን 8 ብቻ ናቸው፤ በ2020 ሁለት፣ በ2021 አምስት፣ በ2022 አንድ።

በጁን 2022 ማያሚ ላይ ተመልሶ ከወረወረ በኋላ ዳግመኛ መጎዳቱን የሰማሁት መኪና እየነዳሁ በሬዲዮ ነበር። በዚያች ደቂቃ በአፌ የመጣው «ምስኪን» የሚለው ቃል አልነበረም። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ 245ን ለ8 አካፈልኩና ለአንድ ጨዋታ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣልኝ። ይህ ሰው እኮ ጁን 8 ቀን 2010 ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ገብቶ በ7 ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) 14 የፒትስበርግ መቺዎችን በስትራይክ አውት፣ ማለትም ኳሱን መምታት አቅቷቸው፣ ሲሸኝ፣ ድምፄ እስኪዘጋ የጮኽኩለት ሰው ነው። ቤት ስደርስ በራሴ አፈርኩ፤ ንዴቱ ግን አልለቀቀኝም። እናንተስ ይህን ነገር እንዴት ይዛችሁታል?

መልስ፦ ዘአናኮስቲያ

ወንድሜ፣ ሒሳብ መሥራትዎ የሚያሳፍር አይመስለኝም፤ ለቲኬቱም ለመኪና ማቆሚያውም የምንከፍለው እኛው ነንና። በቤዝቦል አንድ ተጫዋች ውል ከፈረመ በኋላ ተጫወተም አልተጫወተም፣ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይከፈለዋል። በአሜሪካ እግር ኳስ ግን ከውሉ ብዙው ክፍል ዋስትና የሌለው በመሆኑ ቡድኑ ተጫዋቹን አሰናብቶ ከዕዳው የሚገላገልበት መንገድ አለው። ስለዚህ ጥፋቱ የተጎዳው ሰው ሳይሆን፣ ክርኑ አንድ ጊዜ የተከፈተ መሆኑን እያወቁ 7 ዓመት የፈረሙለት ሰዎች ነው።

ይህን ብዬም ቢሆን ቅር መሰኘቴን አልሸሽግም። ውሉ በተፈረመበት በዚያው በ2019 መጨረሻ መቺያችን አንቶኒ ሬንዶን ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ፤ በኦገስት 2022 ደግሞ ሌላውን መቺያችንን ሁዋን ሶቶን ለሳን ዲዬጎ አሳልፈን ሰጠን፤ ከዋንጫው በኋላም ሽንፈት ስንቆጥር ኖርን። የስትራስበርግን ክንድና የቡድናችንን ውድቀት ለያይቼ ማየት አልቻልኩም።

መልስ፦ አንባቢ ከአሌክሳንድሪያ

ቁጣውን እረዳለሁ፤ ነገር ግን የሬንዶን ምሳሌ ለክርክሩ አይረዳም። ሬንዶንም ከሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ጋር የፈረመው ለ7 ዓመት በ245 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በአንድም የውድድር ዓመት ግን 60 ጨዋታ አልሞላለትም። ቡድናችን በስትራስበርግ ፈንታ እርሱን መርጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚሁ ተሰብስበን ስለ ሬንዶን ዳሌና ስለ እጅ አንጓው እያወራን ነበር። ሶቶም ቢሆን የ15 ዓመትና የ440 ሚሊዮን ዶላር ግብዣ ቀርቦለት እምቢ ያለ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ በስትራስበርግ አልቆ ነው የሄደው ለማለት ይከብዳል።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ የ2012 ነገር ነው። የስትራስበርግ የክርን ቀዶ ሕክምና ገና ሁለት ዓመት ስለሆነው፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞ ክንዱ እንዳይጎዳ ብለው በሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ አስቆሙት፤ ልጁ ራሱ ግን መወርወር ነበር የሚፈልገው። ያን ዓመት 98 ጨዋታ አሸንፈን ከሁሉም ቡድን በላይ ነበርን። ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር ባደረግነው ወሳኝ አምስተኛ ጨዋታ 6 ለ 0 ስንመራ ቆይተን 9 ለ 7 ስንሸነፍ፣ እርሱ እንደ እኛው ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። ያኔ የተቆጣነው «ለምን አላጫወቱትም» ብለን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ «ለምን አልተጫወተም» እንላለን።

መልስ፦ ነርሷ ከፌርፋክስ

ስለ ገንዘቡ የምለው የለኝም፤ ስለ ጉዳቱ ግን አንድ ነገር ብጨምር ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው ሦስቱን ሕመሞች አንድ አድርጎ «እንደገና ተጎዳ» ይላል። በ2010 የተበጠሰው የክርኑ ጅማት ነበር፤ ለዚህ ሐኪሞች ከሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ወስደው፣ አጥንቱን በስተው በቀዳዳው ያሳልፉታል፤ አብዛኞቹ ወርዋሪዎችም ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው ይመለሳሉ። በ2020 የታከመው በእጅ አንጓው የሚያልፈው ነርቭ ነው። የ2021ዱ ግን ከሁለቱም የከፋ ነበር፤ ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮችና የደም ሥሮች ከአንገት በታች ባለው አግዳሚ አጥንትና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መካከል ሲጨመቁ የሚመጣ ሕመም ነው። ቦታ እንዲያገኙ የጎድን አጥንት አወጡለት። የኒው ዮርክ ሜትሱ ማት ሃርቪም በ2016 ለዚሁ ሕመም ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር፤ ወደ ቀድሞ ብቃቱ ግን አልተመለሰም።

በሥራዬ አጋጣሚ ይኸው ሕመም ያለባትን አንዲት ፀጉር ሠሪ አውቃለሁ። ሹሩባ እየሠራች ክንዷን ከፍ ባደረገች ቁጥር ጣቶቿ ይደነዝዙባታል፤ ሥራውን አቋርጣ እጇን ወደ ታች ጥላ ታራግፍና ደም ሲመለስላት ትቀጥላለች። አሁን ያንን ክንድ በሰዓት ከ90 ማይል በላይ ኳስ እንዲወረውር ማዘዝ ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ። ሰነፈ የሚሉትን ስሰማ የምናደደው ለዚህ ነው።

መልስ፦ የድሮው ተረኛ

ለጠያቂው፤ አንተ ልበልህ፣ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርም። ኦክቶበር 29 ቀን 2019 ሌሊት ተረኛ ሆኜ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ፣ የወርልድ ሲሪሱን ስድስተኛ ጨዋታ ከሂውስተን በስልኬ አይ ነበር። በመጀመሪያው ኢኒንግ ስትራስበርግ ላይ ሁለት ነጥብ ሲገባበት አለቀልን ብዬ ነበር። ለካስ የእጁ አያያዝ የሚወረውረውን ኳስ ዓይነት ለመቺዎቹ አስቀድሞ ያስታውቅባቸው ኖሯል፤ አሠልጣኙ ይህን ሲነግረው፣ ከዚያ በኋላ እጁን በጓንቱ ውስጥ እያንቀጠቀጠ መያዣውን ሰወረባቸው። እስከ ዘጠነኛው ኢኒንግ ወረወረ፤ ሌላ ነጥብም አልገባበትም። 7 ለ 2 አሸነፍን፤ በማግሥቱም ዋንጫው የእኛ ሆነ። ከመደበኛው ውድድር በኋላ በተደረጉት የዋንጫ ጨዋታዎች አምስት ጨዋታ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ ተብሎ ተሸለመ።

ለእኔ 245 ሚሊዮኑ የተከፈለው ለዚያ ሌሊት ነው፤ ውሉ ወደፊት ይላል፣ እኔ ግን ወደ ኋላ ነው የምቆጥረው። የእኛ ሯጮች እግራቸው ሲታመም ማን እንደሚከፍላቸው የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠላም። ቀነኒሳ ከ2009 በኋላ ባቱ ታሞ ወራት ሲጠፋ «አለቀለት» ያልነው እኛው ነን፤ በዚያው በ2019 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲጨርስ ደግሞ ያጨበጨብነውም እኛው ነን። ስትራስበርግ ያ ዕድል አልገጠመውም።

ጠያቂ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ንዴቱ ሙሉ በሙሉ ወጣልኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ ውሉ እስከ 2026 የሚዘልቅ በመሆኑ የቡድኑ የደመወዝ ዝርዝር በወጣ ቁጥር ስሙን ፈልጌ ማየቴን አልተውኩም። የአንባቢው የ2012 ማስታወሻ ግን ነክቶኛል፤ ያኔ «ለገንዘባቸው ብለው አሳረፉት» ብዬ የተሳደብኩት እኔ ነበርኩና። ትናንት ማታ ደግሞ የልጄን ባለ 37 ቁጥር የስትራስበርግ ማሊያ ከቁም ሳጥን አወጣሁት፤ ዛሬ ለልጁ ክርኑ ድረስ እንኳ አይገባለትም። ለሰው ልሰጠው አስቤ ነበር፤ መልሼ አጣጥፌ አስቀመጥኩት።

ለነርሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ላንሳ፤ ያቺ ፀጉር ሠሪ ወደ ሥራዋ ተመለሰች?

መልስ፦ ነርሷ ከፌርፋክስ

ተመልሳለች። ፀጉር ታጥባለች፣ ቀለም ትቀባለች፤ ሹሩባ ግን የምትሠራው እህቷ ናት።